በበረዶው መካከል ስለቀሩ ስድስት ተጓዦች ለቤተ መጻሕፍታችን ሥራ አስኪያጅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይም በምድር ቤቱ ክፍል በእኛ ጥፋት ውሃ የነካው የቀኝ ጫማዎ ቅርጹን ሳይለቅ ደርቆ ወደ ቀድሞ ክብሩ እንደተመለሰ ከልብ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሴት ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ብሶት “ክቡር ሆይ” ብዬ ከፍቼ “ከታላቅ አክብሮት ጋር” ብዬ ስዘጋ ኖሬያለሁ። ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ከሥርዓቱ ወጣ ብል በልማድ ማነስ ነው እንጂ በድፍረት አይደለምና እንዲታገሱኝ እለምናለሁ።

እርስዎ በሥራ ብዛት ረስተውት ሊሆን ስለሚችል፣ ነገሩን ከመነሻው ላስታውስዎ።

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ድሮ የተሰበሩ ወንበሮች ይከመሩበት በነበረው ክፍል፣ ከሕፃናት ክፍል ሠራተኞችዎ አንዷ በየረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለስድስት ልጆች ታሪክ ትተርክ ነበር። ስድስቱም ቁጭ ብለው መጽሐፍ የሚነበብላቸው ዓይነት ልጆች አይደሉም። ዓይኑ የማያይ አለ፣ ጆሮው የማይሰማ አለ፣ ሁለቱም ኖሮት ቃል የማይገባው አለ። ተራኪዋም ይህን ስለምታውቅ ታሪኩን በእጃቸው፣ በአፍንጫቸውና በቆዳቸው በኩል ነበር የምትነግራቸው።

ታሪኩ ራሷ የፈጠረችው ነው። ስድስት ተጓዦች በአንዲት መርከብ ተሳፍረው ወደ ምድር መጨረሻ፣ ወደ ደቡብ ዋልታ ይሄዳሉ። “ገመዱን ፈታን” ስትል በጨው ውሃ የተነከረ ወፍራም ገመድ በልጆቹ መዳፍ ውስጥ ይጎተታል። “ነፋሱ መጣ” ስትል ቬንቲሌተሩ በበረዶ በተሞላ ትሪ ላይ ይነፍስና ቅዝቃዜው ፊታቸውን ይመታል። ተጓዦቹ በበረዶው ሜዳ ላይ ሲራመዱ፣ ስታርች የተሞላ ከረጢት ከእግራቸው ሥር ታደርግላቸዋለች፤ ሲረገጥ ሲጥ ሲጥ ይላል። በበረዶ ላይ ሲሄዱ የሚሰማው ድምፅ ይህ ነው ትለን ነበር፣ ሄዶ ያጣራ ስለሌለ ሁላችንም እናምናታለን። ምድጃ ሲለኮስ ላምባ ይሸታል። ሻይ ሲፈላ የሞቀ የቆርቆሮ ኩባያ ጉንጫቸው ላይ ይደረጋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ትናገርና አንድ ዕቃ ታስነካለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። እንደዚህች ሴት መጠበቅ የሚችል ሰው፣ በቢሮዎ ኮሪደር ከተደረደሩት ባለጉዳዮች በስተቀር፣ አይቼ አላውቅም።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አታይም፣ አትናገርም። በመጀመሪያው ረቡዕ በረዶው ሲነካት ጮኻ አለቀሰች። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ዝም አለች። በስድስተኛው ረቡዕ፣ ተራኪዋ በረዶውን ከማቅረቧ በፊት፣ ልጄ መዳፏን ገልብጣ ወደ ፊት ዘረጋች። ክቡር ሆይ፣ ይህ ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህች ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ምንም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። መራቧን የማውቀው ስታለቅስ፣ መታመሟን የማውቀው ማልቀስ ስትተው ነው። በዚያ ቀን ግን እጇን ዘርግታ “ቀጥሎስ?” አለችን። ቤት እንደገባን ኩሽና ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከልጄ በስተቀኝ የምትቀመጠው ካፒቴኗ ነበረች። የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ አንድ። ጡንቻዋ ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ ከአንገቷ በታች የሚታዘዛት የቀኝ እጇ አንድ ጣት ብቻ ነበር። አእምሮዋ ግን ከእኔም ከእርስዎም የፈጠነ ነበር፤ እርስዎን የጨመርኩት ለአክብሮት ያህል ነው። አባቷ የፊደል ሰሌዳ ሲይዝላት ፊደሉን በዓይኗ እየመረጠች ትናገራለች። ተራኪዋ ትንሽ ደወል ከጣቷ ሥር አስራ፣ “የመርከቧ አዛዥ አንቺ ነሽ፤ ሳትደውዪ ንቅንቅ አንልም” ብላት ነበርና ካፒቴን የሚለው ስም በዚያው ቀረ። ሥልጣኗንም ትጠቀምበት ነበር። አንድ ረቡዕ ደወሉን ከለከለችንና ልጆቹም ወላጆቹም በበረዶው ላይ ሩብ ሰዓት ቆመን ጠበቅናት። በኋላ አባቷ ምን ሆነሽ ነው ቢላት፣ በሰሌዳው ላይ “ደክሟቸው ነበር። አሳረፍኳቸው” አለችው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ አመሰግናለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ረቡዕ ነበር። መርከቧ በበረዶ ተጨፍልቃ ሰጥማለች፤ ተጓዦቹ ድንኳን ተክለው ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። እኛም ሸራ በላያችን ወጥረን፣ መብራት አጥፍተን፣ ልጆቹን እቅፍ አድርገን ተቀምጠናል። እርስዎ ከእንግዶችዎና ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር በሩን ከፍተው ገቡ፣ መብራቱን አበሩ፣ ትሪውንም ሳያዩ ረገጡት። “እዚህ ምንድን ነው የሚሠራው?” አሉ። ተራኪዋ ራሷን ከሸራው ሥር ብቅ አድርጋ፣ “ድንኳን ውስጥ ነን ጌታዬ፤ ውጭው ማዕበል ነው” አለች። እርስዎ ልጆቹን አንድ በአንድ ቃኝተው፣ ሊገዙት እንዳላሰቡት ዕቃ እያዩዋቸው፣ እዚያው ፊታቸው ላይ “ለመሆኑ እነዚህ ይገባቸዋል?” ብለው ጠየቁ። ካፒቴኗ ደወሏን አንድ ጊዜ መታች። እርስዎ “ያንን ነገር ዝም አሰኙት” አሉና ወጡ። በሩን ሳይዘጉት ነበር የሄዱት። አባቷ ሰሌዳውን ሲያነሳላት የመረጠቻቸውን ፊደላት ሁላችንም ተከትለን አነበብን፦ “በሩን ዝጉት። ብርድ ገባ።” ለጥያቄዎ ወዲያውኑ መልስ ተሰጥቶ እንደነበር እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሁለተኛ፣ በሳምንቱ ስለወጣው ደብዳቤዎ አመሰግናለሁ። የሙያው ሰው እንደመሆኔ ቋንቋውን አድንቄያለሁ። “ፕሮግራሙ አስፈላጊው ጥናት እስኪደረግ ድረስ ለጊዜው እንዲቆም ተወስኗል” ይላል፤ ማን እንደወሰነ፣ ማን እንደሚያጠና፣ ጊዜውስ መቼ እንደሚያልቅ የሚናገር አንድም ቃል የለበትም። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ዓረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም። ምክንያቶቹም በሚገባ ተዘርዝረዋል፤ ወለሉ ይረጥባል፣ ጩኸቱ አንባቢ ይረብሻል፣ የተጠቃሚው ቁጥር ከክፍሉ ስፋት ጋር አይመጣጠንም፣ “ይዘቱም ከልጆቹ የመረዳት አቅም በላይ ነው።” ስለ ወለሉ እውነት ነው። ስለ ጩኸቱ ግን፣ ከስድስቱ አምስቱ ድምፅ ስለማያወጡ ጥፋቱ የልጄ ሳቅ መሆን አለበት። መሳቅ የጀመረችው በስምንተኛው ረቡዕ ስለሆነ ልኩን ገና አላወቀችውምና በእሷ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ተራኪዋን በከተማው ዳር ወዳለው ቅርንጫፍ አዛውረው መጽሐፍ ላይ ማኅተም እንድትመታ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ እንደሚያርፍ ሰምቻለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ትዕግሥት ትምህርትዎ። አራት ማመልከቻ ጽፌ አራቱንም በእጄ አመጣሁ። ጸሐፊዎ፣ አንደበተ ርቱዕ ልጅ ናት፣ በመጀመሪያው ቀን “ስብሰባ ላይ ናቸው” አለችኝ፤ በሁለተኛው “ሰኞ ይመለሱ”፤ በሦስተኛው “የትኛው ማመልከቻ?” በአራተኛው ቀን ቀና ብላ አይታኝ፣ “እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እንዲሁ ነው የሚለፉት” አለችኝ። በቢሮዎ ካገኘኋቸው መልሶች ሁሉ በቀጥታ የተነገረኝ ይህ ብቻ ስለሆነ ልጅቱን እንዳይቆጧት አደራ እላለሁ።

ልጄ በእነዚያ ሳምንታት፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ፣ እጇን ዘርግታ ትቀመጥ ነበር። ቀኑን በምን እንደምትለየው አላውቅም። ቤት ያለኝን በረዶ ሰጠኋት፤ ይዛው ቆየች፣ ቀለጠ፣ እንደገና ዘረጋች። የምትፈልገው በረዶውን አልነበረም። ከድንኳኑ መውጣት ነበር የፈለገችው፤ እኔ ደግሞ መንገዱን አላውቀውም።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ልብስ ሰፊው አጥሩ ሥር፣ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። መርፌ የተሰካበትን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነበር። ማመልከቻ ሊያጽፍ የመጣ መስሎኝ ወረቀት አወጣሁ። “ካፒቴኗ ሆስፒታል ገባች” አለኝ። “ደረቷ ነው። ሐኪሙ ብዙ አልተናገረም፤ እኔም ብዙ አልጠየቅኩትም።” ተጓዦቹ ከድንኳኑ ወጥተው እንደሆነ እየደጋገመች እንደምትጠይቀው ነገረኝ። “ወጥተዋል፣ ቤታቸው ገብተዋል አልኳት። እሷ ግን ‘አባዬ፣ አንተ አታውቅም። ጠይቅልኝ’ አለችኝ። እውነቷን ነው፤ አላውቅም።”

ወዲያው ወደ ቅርንጫፉ ሄድን። ተራኪዋ ገና ስታየን ማኅተሙን አስቀመጠች። ጉዳዩን ስንነግራት የዚያኑ ቀን ልትመጣ ነበር፤ ነገር ግን የሆስፒታሉ የመጠየቂያ ሰዓት ከሥራ ሰዓቷ ጋር ይገጥማልና የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች። የቅርንጫፉ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ግን በእርስዎ መመሪያ መሠረት የተዛወረ ሠራተኛ ፈቃድ በዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚፈረም ነገሩን። ወረቀቱ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎ ላይ ደረሰ። ረቡዕ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሐሙስም ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ሥራ ስለሌላት ያለ ፈቃድም ቢሆን መምጣት ትችላለችና፣ ቅዳሜን እንጠብቅ ተባባልን። አባቷ ለካፒቴኗ “ቅዳሜ ትመጣለች” አላት። እሷም “ጥሩ። እጠብቃለሁ” አለች።

ዓርብ ቀትር ላይ አረፈች።

ፈቃዱ ሰኞ ጠዋት በፊርማዎ ጸድቆ ለተራኪዋ ደርሷል። ፊርማዎ ያምራል፤ ደወል የሚመስል ቅርጽ አለው ልል ነበር፣ ግን አይመስልም፤ ፊርማ ብቻ ነው የሚመስለው።

ከቀብሩ በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ልብስ ሰፊው ሱቁን ከፈተ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። ተራኪዋም ቀድማን መጥታ ነበርና በመስኮቱ ሥር ባለች በርጩማ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሦስታችንም ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ብዙ ካወራን በኋላ፣ ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ፊት ለፊት እያየ፣ “ጠይቅልኝ ብላኝ ነበር” አለ። “አልጠየቅኩላትም። አሁን እኔ ልስማላት።”

ተራኪዋ ምንም ዕቃ አልነበራትም፤ ሸራውም ገመዱም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው ተብሎ ተቆልፎበታል። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ከጨርቁ ክምር አንድ ትልቅ ጥቅል ፈታና ራሱንም ልጄንም ጨምሮ አራታችንን ከላይ ሸፈነ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዳላፍር ብዬ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ክፍት በሆነ ሱቅ ውስጥ፣ ለኮት በተዘጋጀ ጨርቅ ሥር ተቀምጬ አላፈርኩም። ደንበኞች እየመጡ አዩን፤ አንዳቸውም ምን እንደምንሠራ ሳይጠይቁ ተመልሰው ሄዱ።

ተራኪዋ ማዕበሉ አለፈ አለች። ጨርቁን አንስታ በእጇ ፊታችን ላይ አራገበችው። ከዚያ እንደ ልማዷ ቆማ ጠበቀች፤ ደወል መትቶ የሚፈቅድላት ግን አልነበረም። ጠበቀች፣ ጠበቀች። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው በቀስታ፣ “ቀጥዪ የኔ እህት” አላት። “እሷም ትፈቅድልሽ ነበር።”

ቀጠለች። ተጓዦቹ አሥራ አንድ ቀን ተጓዙ። ምግባቸው አለቀ፣ ጫማቸው ተቀደደ፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ ሄደ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የባሕር ሽታ ሸተታቸው፤ ከባሕሩም ዳር ሊፈልጋቸው የወጣ መርከብ ጭስ ታየ። ልጄ በዚህ ሁሉ ጊዜ የልብስ ሰፊውን አውራ ጣት ጨብጣ ነበር። ለምን የእሱን እንደመረጠች አላውቅም፤ እንግዳ ሰው ነክታ አታውቅም።

“ሁሉም ደረሱ?” አለ ልብስ ሰፊው።

“ሁሉም ደረሱ።”

“ስድስቱም?”

ተራኪዋ ቀና ብላ አየችው። ተረት ፈጣሪ ስለሆነች መዋሸት የሚቀላት ይመስለኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ግን እንደማይቀላት ገባኝ። “ስድስቱም” አለች። “አንዷ በጣም ደክሟት ነበር። ተሸክመዋት ደረሱ።”

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ። ጨርቁን ከላያችን ገፎ በጥንቃቄ አጠፈው፣ ጫፉን ከጫፉ ገጠመ፣ ወደ ክምሩ መለሰው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ለረጅም ጊዜ እንዲያ ቆመ። 

ክቡር ሆይ፣ ስለ ኑሯችን ለማወቅ እንደሚጓጉ ስለምገምት፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያው ሱቅ እንደምንሰበሰብ አሳውቅዎታለሁ። አምስት ልጆች ነን፤ “ነን” ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንዱ ተሽከርካሪ ወንበር ደጁ ላይ ይቀራል፤ ያም ልጅ መንገደኛ ማየት ስለሚወድ አልተከፋም። ጥናቱ ተጠናቆ፣ የልጆቹም የመረዳት አቅም ተለክቶ ውጤቱ ሲታወቅ፣ ቢነግሩን ደስ ይለናል። እስከዚያው ድረስ የምድር ቤቱ ክፍል ወለል ደረቅ እንደሆነ፣ የተሰበሩት ወንበሮችም ወደ ቦታቸው እንደተመለሱ በመስኮት አይቼ ተጽናንቻለሁ።

ጊዜዎን በዚህ ረጅም ደብዳቤ ስለተሻማሁ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ዘመንዎ ስብሰባ የማይጓደልበት፣ ጠረጴዛዎ ወረቀት የማይጠፋበት፣ በርዎም ሁልጊዜ በሌላ ሰው የሚዘጋልዎ እንዲሆን በመመኘት፣ ከማይነጥፍ ምስጋና ጋር እጅ እነሳለሁ።

የአንዲት ተጓዥ እናት፣
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለምድር ቤቱ ክፍል ቁልፍ ያዥ
ለሚያጠናው አካል (ሲቋቋም)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ በጉብኝትዎ ዕለት ከእንግዶችዎ ጋር የነበረው ፎቶ አንሺ ያነሳው ሥዕል፣ “ማንንም ወደ ኋላ የማይተው አገልግሎት” ከሚል ጽሑፍ ጋር በትልቁ ታትሞ በቤተ መጻሕፍቱ ዋና በር ላይ መሰቀሉን አይቻለሁ። መሐል ላይ፣ ከእርስዎ አጠገብ ያለችው ካፒቴኗ ናት። አባቷ ወደ ሱቁ የሚሄደው በዚያ በር በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለውም። ሥዕሉ ይውረድ ብዬ ማመልከቻ አላቀርብም፤ እንዴት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁና። ነገ ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ግን ደጁ ላይ ቢገኙ፣ አንድ ሰው ቆሞ ኮፍያውን ሲያወልቅ ያያሉ። ለእርስዎ እንዳይመስልዎ።